ማስታገሻ አይዋሱ፤ የእርስዎ ጉበት የጎረቤትዎ አይደለም

ጥርስ ወይም ወገብ ያመመው ሰው ጎረቤት ዘንድ ጎራ ብሎ «ያኔ ቀዶ ሕክምና ስታደርጊ የሰጡሽ ኪኒን ተርፎሻል?» ብሎ መጠየቅ በእኛ አገር ነውር አይደለም። እንዲያውም የመተሳሰብ ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል። ጨውና በርበሬ፣ ቡናና ስኳር እየተዋዋስን ያደግን ሰዎች ነን። ሆኖም መድኃኒት፣ በተለይም ኮዴይንና ትራማዶል የሚባሉት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች፣ ከምንዋዋሳቸው ነገሮች መካከል መውጣት አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቴ ሱስ የማስያዝ ባሕርያቸው ብቻ አይደለም። እሱም ቢሆን በራሱ በቂ ምክንያት ነበር። ዛሬ ማንሳት የምፈልገው ግን ብዙ ያልተነገረለትን ሌላ ምክንያት ነው። አንድ ዓይነት ኪኒን፣ በአንድ ዓይነት መጠን ተወስዶ፣ አንዱን ሰው ምንም ላያሽለው፣ ሌላውን ደግሞ እስትንፋሱን እስከማሳጣት ሊያደርሰው ይችላል። ልዩነቱን የሚፈጥሩት ጉበታችን ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ናቸው። ይህ ልዩነት ደግሞ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ከብዙ ሕዝቦች ይልቅ ጎልቶ ተገኝቷል።

ኢንዛይም ሲባል ምን ማለት ነው?

ቃሉ ባዕድ ቢመስልም ነገሩን በደንብ እናውቀዋለን። ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ስሙን ሳይጠሩት ለዘመናት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ገብሱ ተነክሮ ሲጎነቁል በውስጡ ያሉ ኢንዛይሞች ሥራ ይጀምራሉ፤ የእህሉን ስታርች እየሰባበሩ ወደ ስኳር ይለውጡታል። እርሾው አልኮል የሚያወጣው ከዚያ ስኳር ነው። ብቅል ጥንስስ ውስጥ የሚገባው ለዚህ ነው። እርስዎም ቢሆኑ ዳቦ አፍዎ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ሲያኝኩ እየጣፈጠ የሚሄደው በምራቅዎ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ተመሳሳይ ሥራ ስለሚሠራ ነው።

ኢንዛይሞች በአብዛኛው ፕሮቲኖች ናቸው። አንድን ኬሚካዊ ለውጥ እጅግ ያፋጥናሉ እንጂ በሥራው ራሳቸው አያልቁም። የምንበላውን ምግብ ወደ ኃይልና ወደ ሰውነት ግንባታ የሚለውጠው፣ የማያስፈልገውንም የሚያስወግደው ሜታቦሊዝም የሚባለው ሒደት በሙሉ በእነሱ ላይ የተመሠረተ ነው። መድኃኒትም ከዚህ ሒደት አያመልጥም። የዋጥነው ኪኒን ከአንጀት ተመጦ ወደ ሌላው ሰውነት ከመሠራጨቱ በፊት በጉበት በኩል ያልፋል። ጉበት ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞችም ይቀበሉታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይሰባብሩትና በሽንት እንዲወጣ ያዘጋጁታል።

ኮዴይን ግን ከዚህ ለየት ይላል። ኮዴይን እንዳለ ሲታይ ደካማ ነገር ነው። ሕመምን በዋናነት የሚያስታግሰው ጉበት ውስጥ ከፊሉ ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። ይህንን ለውጥ የሚሠራው ኢንዛይም ባለሙያዎች ሲዋይፒ 2ዲ6 ብለው የሚጠሩት ነው። በአብዛኛው ሰው ወደ ሞርፊን የሚለወጠው ከተወሰደው ኮዴይን ውስጥ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ብቻ ነው። ትራማዶልም በዚሁ ኢንዛይም አማካይነት ወደ በለጠ ኃይለኛ ንጥረ ነገር ይለወጣል።

ነገሩን በወፍጮ ቤት እንመስለው። ኮዴይኑ እህል፣ ሞርፊኑ ዱቄት፣ ኢንዛይሙ ደግሞ ወፍጮ ነው። አንዳንዱ ሰው ከወላጆቹ የወረሰው የተበላሸ ወፍጮ ነው፤ እህሉ ሳይፈጭ ይቀራል። እንዲህ ያለው ሰው ኮዴይን ወስዶ «ምንም አላሻለኝም» ቢል እውነቱን ነው፤ አጋነነ ተብሎ ሊታማ አይገባም። ሌላው ደግሞ ኢንዛይሙን የሚያሠራው ዘረ መል ተደራርቦ ከተለመደው ሁለት ቅጂ በላይ ይዞ ይወለዳል። የእሱ ወፍጮ ቤት ብዙ ወፍጮ በአንድ ጊዜ የሚያሽከረክር ነው። ለሌላው ሰው ቀስ በቀስ የሚወጣው ሞርፊን ለእሱ በብዛትና በፍጥነት ይወጣል። ሞርፊን ሲበዛ በአንጎል ውስጥ መተንፈስን የሚቆጣጠረውን ክፍል ያዳክማል። ሰውየው ከባድ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ትንፋሹ ይዘገያል፤ ካልተደረሰለትም ሊቆም ይችላል።

ስለ እኛ የተጻፈውን እኛ እንወቀው

እ.ኤ.አ. በ1996 ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ በስዊድን ካሉ የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በ122 ኢትዮጵያውያን ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ከተመረመሩት መካከል 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህ ኢንዛይም ዘረ መል የተደራረበባቸው ሆነው ተገኙ። ከ10 ሰው ወደ 3 ሰው ማለት ነው። በአሜሪካ ኮዴይን ካላቸው መድኃኒቶች ጋር የሚወጣው የማብራሪያ ጽሑፍ ፈጣን የሆነ ኢንዛይም ያላቸው ሰዎች በቻይናውያንና በጃፓናውያን ዘንድ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ፣ በነጮች ዘንድ ከ1 እስከ 10 በመቶ እንደሚገመቱ ይገልጽ ነበር። በሰሜን አፍሪካውያን፣ በኢትዮጵያውያንና በዓረቦች ዘንድ ግን ግምቱን ከ16 እስከ 28 በመቶ ያደርሰው ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ስማችን በስም ተጠርቶ በመድኃኒት ማብራሪያ ላይ ሰፍሮ ነበር። ይሁን እንጂ በሰፈራችን መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ቆመን ማስታገሻ ስንጠይቅ ስንቶቻችን ይህን ሰምተን እናውቃለን?

ለምን እኛ ዘንድ በዛ ለሚለው አንዳንድ ሳይንቲስቶች የሚያቀርቡት መላምት አለ። ይህ ኢንዛይም በዕፀዋት ውስጥ የሚገኙ አልካሎይድ የተባሉ መርዛማ ነገሮችን ለማርከስ ስለሚረዳ፣ ጥንት በረሃብ ዘመን የዱር ተክል በልተው መትረፍ የቻሉት ብዙ ኢንዛይም የነበራቸው ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። መላምቱ እውነት ከሆነ አያቶቻችንን ያተረፈው ስጦታ በኪኒን ዘመን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሆኗል ማለት ነው።

ነገሩን ከልክ በላይ ማጋነንም አልፈልግም። ጥናቱ የተደረገው በተወሰኑ ሰዎች ላይ ነው፤ የአገሪቱን ሕዝብ ሁሉ በእኩል ይወክላል ሊባል አይችልም። ዘረ መልም ብቻውን ሁሉን አይወስንም። እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ሌላ ጥናት፣ ተመሳሳይ ዘረ መል እያላቸው እንኳ አገር ቤት የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ኢንዛይም በስዊድን ከሚኖሩት ይልቅ ዘገም ብሎ እንደሚሠራ አሳይተዋል። አካባቢም የራሱ ድርሻ አለው ማለት ነው። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ይህንኑ ኢንዛይም ይገቱታል። ይህ ሁሉ ግን ወደ አንድ መደምደሚያ ይወስደናል፦ ሰውን በማየት ወይም «ባለፈው ለእህቴ ተስማምቷታል» በማለት የትኛው ሰው የትኛውን ወፍጮ እንደያዘ ማወቅ አይቻልም። ምርመራው የጄኔቲክ ላቦራቶሪ የሚጠይቅ በመሆኑም በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም። እንግዲህ የሚቀረን ጥንቃቄ ነው።

ሕፃናትና የሚያጠቡ እናቶች

አደጋው ከሁሉም በላይ የሚያሰጋው ሕፃናትን ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የቶንሲል ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ኮዴይን የተሰጣቸው ሕፃናት መሞታቸውን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ2013 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በ2017 ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ኮዴይን ለሕመምም ሆነ ለሳል፣ ትራማዶልም ለሕመም እንዳይሰጥ ከለከለ፤ የሚያጠቡ እናቶችም ሁለቱን እንዳይወስዱ መከረ። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲም በ2013 ለሕመም፣ በ2015 ለሳል ኮዴይንን ከ12 ዓመት በታች እንዳይሰጥ ወስኗል። ፈጣን ኢንዛይም ያላቸው ሰዎች ከእኛ ያነሱባቸው አገሮች ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ እኛ ከእነሱ የበለጠ እንጂ ያነሰ የምንጠነቀቅበት ምክንያት አይታየኝም።

የምታጠባ እናት ፈጣን ኢንዛይም ካላት በደሟ ውስጥ የሚበዛው ሞርፊን በጡት ወተቷ በኩል ወደ ልጇ ያልፋል። የአራስ ጉበትና ኩላሊት ደግሞ ገና ስላልጠነከሩ ሞርፊንን ቶሎ አያስወግዱም። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ሕመሟ ሊታከም ይገባል፤ «ቻይው» መባል የለባትም። ነገር ግን ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌንን የመሳሰሉ፣ ለምታጠባ እናት የተሻሉ አማራጮች ስላሉ ሐኪሟን በግልጽ ትጠይቅ።

ምን ያድርጉ?

በመጀመሪያ የቤትዎን መሳቢያ ይፈትሹ። ከቀዶ ሕክምና ወይም ከአደጋ በኋላ ተርፎ የተቀመጠ ትራማዶል ወይም ኮዴይን ካለ ለማንም አይስጡ፤ ወደ መድኃኒት ቤት ወስደው እንዴት እንደሚወገድ ይጠይቁ። ከውጭ አገር ዘመድ ያመጣውን ማስታገሻና የሳል ሽሮፕም በጥንቃቄ ያንብቡት። በአንዳንድ አገሮች አነስተኛ ኮዴይን ከፓራሲታሞል ጋር ተቀላቅሎ ያለ ማዘዣ ስለሚሸጥ፣ «ተራ የራስ ምታት ኪኒን» ተብሎ ሻንጣ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ማስታገሻ ሲታዘዝልዎ «ኮዴይን ወይም ትራማዶል አለበት?» ብለው ይጠይቁ። ቀደም ሲል ከእነዚህ አንዱን ወስደው ያልተለመደ ድብታ፣ ማዞር ወይም ትውከት ካጋጠመዎ ይናገሩ፤ ምንም ካላሻለዎም እንዲሁ። የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት፣ የሚጠጡትንም አልኮል አይደብቁ። ከአልኮልና ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋር ሲደመሩ እነዚህ ማስታገሻዎች ትንፋሽን ይበልጥ ያዳክማሉ።

ልጅዎ ሲያስለው ጠንካራ የሳል ሽሮፕ ፍለጋ አይሩጡ። አብዛኛው የጉንፋን ሳል በራሱ ጊዜ ይለቃል። ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ለብ ያለ ውኃ ወይም ሻይ በማር ጉሮሮውን ያለሰልስለታል፤ ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ወይም መጥባት ካቃተው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ማስታገሻ የወሰደ ሰው ለመቀስቀስ አስቸጋሪ የሆነ እንቅልፍ ከወሰደው፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም የሚያንኮራፋ ድምፅ ካወጣ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ከጠበበ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ «ይተኛ፣ ደክሞት ነው» አይበሉ። የምታጠባ እናት ልጅ ከወትሮው በላይ ከተኛ፣ ከዛለ ወይም መጥባት ካቆመም እንዲሁ ነው። ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ያድርሱ፤ የተወሰደውን መድኃኒት ማሸጊያም ይዘው ይሂዱ። ናሎክሶን የተባለው ማርከሻ በጊዜ ከተሰጠ ሕይወት ያተርፋል።

በሐኪም ክትትል ሥር ሆነው ለረጅም ጊዜ ሲወስዱት የቆዩ ከሆነ ግን ይህን ስላነበቡ ብቻ በድንገት አያቋርጡ፤ ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ። ከባድ ሕመም ያለበት የካንሰር ሕሙም ማስታገሻ መነፈጉ ራሱ በደል ነው። ሐኪም መርጦት፣ መጠኑን ለክቶ፣ እየተከታተለ የሚሰጠው ሞርፊን ከጎረቤት በዘፈቀደ ከሚዋሱት ኮዴይን ይልቅ የሚታመን ነው።

ለባለሙያዎችም አንድ ቃል አለኝ። ማዘዣ ሳይጠይቅ ትራማዶል በፍሬ እየቆጠረ የሚሸጥ መድኃኒት ቤት የሚሸጠው ኪኒን ብቻ አይደለም፤ ውጤቱን የማያውቀውን ዕጣ ጭምር ነው። የሐኪሞችና የፋርማሲስቶች ሥልጠና፣ የማዘዣ መመሪያዎቻችንም ቢሆኑ ስለራሳችን ሕዝብ የተገኘውን እውቀት ከፊት ማስቀደም ይኖርባቸዋል። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ያስቆጠረ እውቀት በጥናት መጽሔት ላይ ብቻ ሊቀር አይገባም። ለሚያጠቡ እናቶች በክትባት ቀን በሚሰጠው ትምህርት ላይ ሁለት ደቂቃ ቢጨመርለት ወጪው ምን ያህል ነው?

ውድ አንባቢ፣ ጎረቤት ሲያመው ከመጠየቅ አይቦዝኑ። ሾርባ ይውሰዱለት፣ ሐኪም ቤት ያድርሱት፣ ልጆቹን ይጠብቁለት። ኪኒኑን ግን ለሐኪሙ ይተዉለት።

መልካም ጤና ይሁንልዎ!