ዘላኑ ማን ነው?

አንድ ሰው ወረፋ ሲጥስ ወይም ሥርዓት ሲጎድለው የምንሰድበው ስድብ የታወቀ ነው፤ «ምን ዓይነቱ ዘላን ነው!» ዘላን ማለት ለእኛ ቤት የለሽ፣ ሕግ የለሽ፣ ታሪክ የለሽ ማለት ነው። ስድቡ ግን የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የአንድ ሕዝብ አገር መንጠቂያ ሆኖ አገልግሏል።

በካውቦይ ፊልም እየጮኹ መጥተው በጥይት ሲረግፉ የምናያቸው «ቀይ ሕንዶች» ብዙ ጊዜ ሱ የሚባሉት ናቸው። ስሙን እንኳ ራሳቸው አላወጡትም። ባላንጣዎቻቸው ኦጂብዌዎች ይጠሯቸው የነበረውን ፈረንሳዮች አሳጥረው ያስቀሩት ነው። እነሱ ራሳቸውን ዳኮታ፣ ላኮታ ይላሉ፤ ወዳጅ እንደማለት።

«ሰው ሲሠለጥን ይሰፍራል፤ ዘላንነት ኋላቀርነት ነው» የሚል ክርክር አለ። እስቲ እንየው። እነዚህ ሰዎች ቀድሞ የሚኖሩት ሚኒሶታ ውስጥ፣ በሐይቅና በደን መካከል ነበር። ዓሣ ያጠምዱ፣ አንዳንዶቹም በቆሎ ይዘሩ ነበር። ላኮታዎቹ ወደ ምዕራብ ገፍተው፣ ስፓኒሾች ያመጡት ፈረስ በ18ኛው መቶ ዓመት እጃቸው ሲገባ ነው ሙሉ በሙሉ ጎሽ ተከታይ የሆኑት። ጎሹ ሥጋም፣ ልብስም፣ ቤትም ነበር። ታዲያ አስልቶ የተሻለውን ኑሮ የመረጠ ሰው ኋላቀር ይባላል?

ቤት የለሽ ናቸው? ቲፒ የምትባለው የጎሽ ቆዳ ድንኳን ባለቤቷ ሴቷ ነበረች። ሰፈር ሲነሣ የድንኳኗ ምሰሶዎች ፈረስ የሚጎትተው ዕቃ መጫኛ ይሆናሉ። ጉዞውም በዘፈቀደ አይደለም፤ በሞቃቱ ወራት ለአደንና ለበዓል በብዛት ይሰበሰባሉ፣ ብርዱ ሲመጣ በትንንሽ ቡድን ሆነው ነፋስ የማይመታው የወንዝ ዳር ይሰፍራሉ።

ሕግ የለሽ ናቸው? በጋራ አደን ጊዜ ከሌላው ቀድሞ ብቻውን ወጥቶ መንጋውን ያስበረገገን ሰው አኪቺታ የሚባሉት ደንብ አስከባሪዎች ይገርፉት፣ ድንኳኑን ይቀዱበት ነበር። ወረፋ ጣሰ ማለት ይሄ ነው!

ታሪክ የለሽስ? ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ሥዕል ቆዳ ላይ እየሣሉ ዘመናቸውን ይቆጥሩ ነበር። በ1833 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ሰማዩ ኮከብ ያዘነበበት ሌሊት በአብዛኞቹ የዘመን ቆጠራዎች ላይ ተሥሎ ይገኛል።

አሁን ደግሞ ወደ ሰፋሪው እንምጣ። የአሜሪካ መንግሥት በ1868 ፎርት ላራሚ ላይ ውል ፈረመ። ከሚዙሪ ወንዝ በስተምዕራብ ያለው የዛሬው ሳውዝ ዳኮታ፣ ብላክ ሂልስ የተባሉት ቅዱስ ተራሮች ጭምር፣ የእነሱ ነው አለ። ከአዋቂ ወንዶቻቸው ሦስት አራተኛው ካልፈረመ አንድ ጋት መሬት አይነካም ተባለ። በ1874 በከስተር የተመራ ጦር ተራሮቹ ውስጥ ወርቅ አገኘ። ውሉ ያን ቀን ሞተ! በ1876 ከስተር ሊትል ቢግሆርን ላይ ከ200 ከሚበልጡ ወታደሮቹ ጋር ሲያልቅ፣ ኮንግረሱ «ተራሮቹን ካልለቀቃችሁ ቀለብ የለም» የሚል ሕግ አወጣ። የፈረሙት ከወንዶቹ አሥር በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ1877 መሬቱ ተወሰደ። በ1890 ውንድድ ኒ ላይ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት የሆኑ ሰዎች በጥይት ተጨፈጨፉ።

«እነሱም እኮ ከሌላው ነጥቀው ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ላኮታዎች ክሮዎችንና ካዮዋዎችን ገፍተዋል። ግን ይህ በ1868 አልታወቀም ነበር? ፊርማ ካኖሩ በኋላ የባለመሬቱን ኃጢአት መቁጠር የውል አፍራሽ ጠበቃ ሥራ ነው።

በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ ተራሮቹ ያለ ተገቢ ካሣ መወሰዳቸውን አምኖ 17.1 ሚሊዮን ዶላር ከ1877 ጀምሮ ከሚታሰብ ወለድ ጋር እንዲከፈል ወሰነ። ሱዎች ግን «ተራሮቹ አይሸጡም» ብለው አልተቀበሉም። ገንዘቡ በመንግሥት ካዝና ወለድ እየወለደ ከ1 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። ይህን ያሉት ጠግበው አይደለም፤ ፓይን ሪጅ የተባለው የላኮታዎች ክልል በአሜሪካ እጅግ ድሃ ከሆኑት አካባቢዎች አንዱ ነው።

እንግዲህ ፍረዱ። አንዱ ድንኳኑን ይነቅላል፣ ቃሉን አይነቅልም። ሌላው የድንጋይ ቤት ሠርቶ ይቀመጣል፣ ፊርማው ግን ወርቅ ወዳለበት ይሰደዳል። «ዘላን» የሚለው ስድብ የግድ ባለቤት ያስፈልገዋል ከተባለ፣ ለትክክለኛው ባለቤት ይሰጠው።