የጠፋውን መፈለግና የጠፋውን መተረክ

ዓርብ ኅዳር 10 ቀን 2014 ዓ.ም. በናይሮቢ ከተማ ኪሌሌሽዋ በተባለው ሰፈር አንድ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ በጠራራ ፀሐይ ከገዛ መኪናው ተጎትቶ ወርዶ በሌላ መኪና ተወሰደ። ሥፍራው ጭር ያለ ጫካ አልነበረም፤ መኪና የሚተላለፍበት አውራ መንገድ ነበር። የትራፊክ ፖሊስም በአካባቢው ቆሞ ነበር። መንገደኞች ድርጊቱን በእጅ ስልካቸው ስለ ቀረጹት ምስሉ ወዲያውኑ ባሕር ተሻግሮ ተዳረሰ። ይሁን እንጂ ዓመት ሞልቶ ሲታሰብ ቤተሰቡ ገና «የት ነው ያለው?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ስፍር ቁጥር የሌለው ዓይን ያየው ሰው የውሃ ሽታ ሆነ።

እንዲህ ያለው ነገር በዛሬው ዘመን ፖድካስት ለተባለው የድምፅ ዝግጅት ዋነኛ ስንቅ ሆኗል። አድማጩ በፈለገው ሰዓት ከስልኩ የሚያዳምጠው ይህ ተከታታይ ትረካ በምሥራቅ አፍሪካም የጠፉ ሰዎችን ጉዳይ በየክፍሉ እየከፋፈለ ያቀርባል። በእኛም ዘንድ ከዘብ ተራው የወረደው ወታደር በጆሮ ማዳመጫ ሲከታተለው፣ በከተማው ፀጉር አስተካካይ ቤትም ጢም የሚላጨው ሰው «ገዳዩ ማን ይሆን?» ብሎ ሲከራከር እሰማለሁ። ነገሩን በጅምላ የማወግዝ አይደለሁም። ነገር ግን የጠፋውን መፈለግና የጠፋውን መተረክ አንድ አለመሆናቸውን ማስገንዘብ ይገባል።

የቀድሞውን የሬዲዮና የጋዜጣ «አፋልጉኝ» እናስታውስ። ስም፣ ዕድሜ፣ የፊት መልክ፣ የለበሰው ልብስ፣ መጨረሻ የታየበት ሥፍራ፣ ያገኘው ሰው ወሬውን የሚያደርስበት አድራሻ፤ ከዚህ ሌላ አንዳች አልነበረበትም። አንባቢው ድምፁን አላንቀጠቀጠም፣ ሙዚቃም አላስገባም። ማስታወቂያው ከአድማጩ የሚፈልገው ዓይኑን እንጂ እንባውን አልነበረም።

ትረካው ጥቅም የለውም ማለት ግን ከእውነት መራቅ ነው። በአውስትራሊያ በ1974 ዓ.ም. በሲድኒ ከተማ የጠፋች የሁለት ልጆች እናት ጉዳይ በ2010 ዓ.ም. አንድ ጋዜጣ ባሰራጨው ፖድካስት ምክንያት በመላው ዓለም ተሰማ። ባልዮው ተይዞ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ተባለ፤ አስከሬኗ ግን አልተገኘም። የዚያው ታሪክ ሌላ ገጽ ደግሞ አለ፤ ስርጭቱ የዳኝነቱን ሚዛን እንዳያዛባ በመሥጋት ፍርድ ቤቱ ክርክሩን ለወራት ለማገድ ተገደደ፣ ፖድካስቱም በዚያው አገር እንዳይሰማ ተደርጎ ነበር። ፍትሕን የቀሰቀሰው ድምፅ ፍትሕን ሊያሰናክል ጥቂት ቀርቶት ነበር ማለት ነው።

አባቶቻችን በአፈርሳታ ያገሩን ሰው አሰባስበው ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ከሥፍራው ንቅንቅ እንዳይል ያደርጉት እንደ ነበር ይታወቃል። ሥርዓቱ ጉድለት ነበረበት፤ ንጹሑም ከበደለኛው ጋር ሥራውን ፈትቶ ይውል ነበር። ሆኖም እዚያ የተገኘ ሁሉ መሐላ ነበረበት፣ ለተናገረውም ቃል በጎረቤቱ ፊት ተጠያቂ ነበር። የስልኩ አድማጭ ግን መሐላ የለበትም። የአንዱን ስም ከጠፋው ሰው ጋር አገናኝቶ ከነዛ በኋላ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል።

ወደ ናይሮቢ እንመለስ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ሁለት የህንድ ዜጎች ከኬንያዊ ሾፌራቸው ጋር በዚያችው ከተማ ደብዛቸው ጠፋ። ቤተሰቦች፣ የሕግ ባለሙያዎችና ጋዜጠኞች ያንኑ አንድ ጥያቄ ለሚመለከተው አካል ደጋግመው በማቅረባቸው ጉዳዩ ሳይቀበር ቀረ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሩቶ ልዩ የወንጀል ምርመራ ክፍሉ እንዲፈርስ አደረጉ፣ ፖሊሶችም ተከሰሱ። ይህ በሽታውን አልነቀለውም። የኬንያ ብሔራዊ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ወዲህ 82 ሰዎች መታፈናቸውንና በዚያን ጊዜ 29ኙ አለመገኘታቸውን አስታውቋል።

በሰው አገር ላይ ብቻ ጣት መቀሰር አይገባም። «ኦሮማይ»ን የጻፈው በዓሉ ግርማ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። መኪናው በቃሊቲ መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች፤ አስከሬኑ ለቤተሰቡ አልተሰጠም። (እርሱም በማስታወቂያ ሥራ የኖረ ሰው ነበርና ስለ እርሱ በጻፍሁ ቁጥር ብዕሬ ይከብደኛል።) ከአርባ ዓመት በላይ ስለ ሟችነቱ የተወራው ዓይነቱ ብዙ ነው። መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት አካል ዝም ካለ የወሬው ቁጥር ይበዛል፤ ወሬው በበዛ መጠን ግን ቤተሰብ እርሙን ለማውጣት ይበልጥ ይቸገራል።

ለወታደር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በጦር ክፍል ውስጥ ከማለዳ ቆጠራ የጎደለ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ፣ ተማረከ ወይም ጠፋ ተብሎ መመዝገብ አለበት፤ «አይታወቅም» የሚለው ቃል የፍለጋ መጀመሪያ እንጂ መደምደሚያ አይደለም። በ1969 ዓ.ም. የጸደቀው የጄኔቫ ስምምነቶች 1ኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮልም በአንቀጽ 32 ቤተሰብ የዘመዱን ዕጣ የማወቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 33 ተዋጊ ወገኖች የጠፉትን እንዲፈልጉ ያዛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በበኩሉ 2 ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው መጥፋቱን ፍርድ ቤት እንዲወስን ለማመልከት ይፈቅዳል። ውሳኔው የጋብቻና የንብረትን ነገር መልክ ያስይዛል። በየወሩ የልጃቸውን ፎቶግራፍ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ሰፈራችን በር ይመጡ የነበሩት እናት ግን ያንን ውሳኔ አልፈለጉም። «ተዝካሩን ላውጣ ወይስ ድግሱን ላቆይ?» ነበር የሚሉኝ። እኔም መዝገቡን ገልጬ ከማሳየት በቀር የምሰጣቸው አልነበረኝም።

ስለዚህ የፖድካስት አዘጋጆችን የምጠይቃቸው ብዙ አይደለም። እያንዳንዱን ክፍል ሲጀምሩ የጠፋውን ሰው ስም፣ ቀኑንና ሥፍራውን፣ ያዩት ሰዎች የሚያመለክቱበትን አድራሻ፣ እስከዚያ ሰዓት ድረስ መልስ ያልሰጠውን መሥሪያ ቤት በግልጽ ይናገሩ። በፍርድ ቤት ያልተረጋገጠበትን ሰው ስም ይተዉ። ከዚያ ወዲያ ሙዚቃውንም ትረካውንም እንዳሻቸው ያስረዝሙት።