የወከልነው ሰው ማንን መረጠልን?

የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ማን ነው ብትባሉ ስልካችሁን ሳትነኩ ትመልሳላችሁ። ማን መረጣቸው ሲባልም መልሱ ቀላል ነው፤ ፓርላማው። እሺ፣ መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም ታዬ አጽቀሥላሴ ሲመረጡ ከደጋን፣ ከኮምቦልቻ ወይም ከደሴ የሄደው ተወካይ እጁን እንዴት አወጣ? እዚህ ላይ ሁላችንም ዝም እንላለን።

መጀመሪያ አሠራሩን እንየው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 መሠረት ዕጩውን የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ከዚያ ይሄው ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጣሉ። የሥልጣን ዘመኑ 6 ዓመት ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን ደግሞ የሚልኩት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። ስለዚህ የደጋን ሰው ለክልል ምክር ቤት ይመርጣል፣ የክልሉ ምክር ቤት ሰው ይልካል፣ የተላከው ሰው ፕሬዚዳንት ይመርጣል። መራጭ የሚመርጥ መራጭ መረጥን ማለት ነው።

በጥቂት ሰዎች እጅ መምረጥ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ መኳንንቱ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ሽረው ዘውዲቱን አነገሡ። በውሳኔው ያልተስማሙት የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወጡ፤ በወሩ ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ደሴ ያለው አይጠየፍ አዳራሽ የእሳቸው ነው።

ከዚያ የ1923ቱ ሕገ መንግሥት መጣ። ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ለጊዜው መኳንንትና ሹማምንት ይምረጡለት አለ። «ለጊዜው» የተባለው እስከ 1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ድረስ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቆየ።

ፕሬዚዳንት የሚባል ሥልጣን ሲመጣም ልማዱ ቀጠለ። በ1979 ዓ.ም መጨረሻ 835 መቀመጫ ያለው ብሔራዊ ሸንጎ መንግሥቱ ኃይለማርያምን መረጠ። ያን ቀን ሌላ ሰው ሊመረጥ ይችላል ብሎ የጠበቀ ያለ አይመስለኝም። በ1983 ዓ.ም ደግሞ ከ87 የማይበልጡ አባላት ያሉት የሽግግሩ የተወካዮች ምክር ቤት መለስ ዜናዊን የሽግግር መንግሥቱ ፕሬዚዳንት አደረገ። በአሁኑ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ተመራጭ ነጋሶ ጊዳዳ ናቸው፤ ነሐሴ 16 ቀን 1987 ዓ.ም። ሥርዓቱ ተቀያየረ፣ እኛ ግን ሁልጊዜ ውጤቱን በዜና ሰማን።

አሜሪካኖችም ፕሬዚዳንታቸውን በመራጮች ነው የሚመርጡት። በ1787 እ.ኤ.አ ፊላዴልፊያ ላይ ኤሌክቶራል ኮሌጅን ሲያቋቁሙ ከምክንያቶቹ አንዱ ሩቅ ያለ ገበሬ ዕጩዎቹን አያውቃቸውም፣ የሚያውቅ ሰው በነፃነት ያመዛዝንለት የሚል ነበር። ባሪያ ፈንጋይ ግዛቶች ክብደት እንዲያገኙም ረድቷል፤ ይሄን መደበቅ አይቻልም። በ1789 እ.ኤ.አ 69ኙም መራጮች ጆርጅ ዋሽንግተንን መረጡ። ፓርቲዎች ሲመጡ ግን ማመዛዘኑ ቀረ፤ መራጩ ፓርቲው ያለውን የሚያደርስ ሆነ። በ1800ው ምርጫ ቶማስ ጄፈርሰንና የራሱ ፓርቲ ሰው አሮን በር እኩል 73 ድምፅ አገኙ። ጉዳዩ ወደ ተወካዮች ምክር ቤቱ ሄዶ 36 ጊዜ ድምፅ ተሰጠበት። በ1804 እ.ኤ.አ በ12ኛው ማሻሻያ አስተካከሉት። እኔን የሚገርመኝ ፍጥነቱ ነው። ድምፁ ተቆጥሮ በአደባባይ ስለታወቀ ችግሩም ታወቀ፤ የታወቀ ችግር ደግሞ ይጠገናል።

ወደ እኛ እንመለስ። ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም ሙላቱ ተሾመ ሥራቸውን ለቀቁ፤ በዚያው ቀን ሣህለወርቅ ዘውዴ በሙሉ ድምፅ ተመረጡ። የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት በመሆናቸው ብዙዎቻችን ደስ ብሎናል። ግን አስቡት፤ ዕጩ ቀርቦ በአንድ ስብሰባ ከተመረጠ የደጋን ተወካይ የደጋንን ሰው መቼ ይጠይቃል?

ኢኮኖሚክስ ስንማር የባለቤትና የወኪል ችግር የሚባል ነገር አለ። በሰኞ ገበያ ባቲ ሰው ልካችሁ ፍየል ግዛልኝ አላችሁ እንበል። በስንት እንደገዛ ካልነገራችሁ፣ ስንት ፍየል አይቶ እንደመረጠ ካልጠየቃችሁት፣ ሰውየው ቀስ በቀስ ለእናንተ ሳይሆን ለነጋዴው መሥራት ይጀምራል። ክፉ ስለሆነ አይደለም። የሚያየው ነጋዴው ብቻ ስለሆነ ነው።

«ፕሬዚዳንቱ እኮ ሥልጣን የላቸውም፣ ምን አስጨነቀህ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሥራቸው አዋጅ መፈረም፣ ምክር ቤት መክፈት፣ አምባሳደር መሾም፣ ይቅርታ ማድረግ ነው። ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩንም የሚመርጡት እነዚሁ የሕዝብ ተወካዮች ናቸው። ቀላሉ ላይ ያልጠየቅነውን ከባዱ ላይ አንጠይቅም።

በቀጥታ እንምረጥ የሚሉም አሉ። እኔ እፈራለሁ። በቀጥታ የተመረጠ ፕሬዚዳንትና ፓርላማ የመረጠው ጠቅላይ ሚኒስትር ቢጋጩ ማን ይዳኛል? ደግሞ ሁለት ሦስተኛ የሚለው ድምፅ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ብዙ ወገን የሚስማማበት ሰው እንዲመጣ ያስገድዳል። በደንብ ካልሠራ ችግሩ መራጮቹ ላይ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የዕጩው ስም ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይነገረን። ዕጩው በቀጥታ ስርጭት ቀርቦ ይጠየቅ። የእያንዳንዱ ተወካይ ድምፅ በስሙ ተመዝግቦ ቴሌግራም ላይ ይለጠፍ። ይሄ በምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ የሚያልቅ ይመስለኛል። ድምፁ ምስጢር ይሁን፣ ተወካዩን ከፓርቲው ይጠብቀዋል የምትሉ ካላችሁ፣ እጅ ሲወጣ ፓርቲው አዳራሹ ውስጥ ሆኖ ያያል። የማናየው እኛ ነን።

አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካይ ለሦስት ነገር ተገዢ ነው ይላል፤ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው። ፓርቲ የሚል የለበትም። እዚያው አንቀጽ ላይ አመኔታ ያጣ ተወካይ በመራጩ ሊነሳ እንደሚችልም ተጽፏል። እንግዲህ ዕጩ ተወዳዳሪ ድምፅ ፍለጋ ሰፈራችሁ ሲመጣ ስለ መንገድና ስለ ውኃ ጠይቁት፣ ግድ ነው። ከዚያ አንዲት ጨምሩ፤ «ፕሬዚዳንት ስትመርጥልን ማንን እንደመረጥክ ትነግረናለህ?»