ለኳስ ሒሳብ፣ ለእርዳታ ምርቃት

የከተማችን ሰው ስለ ሦስት ነገሮች ሳይናገር አይውልም፦ ስለ ኳስ፣ ስለ ፖለቲካና ስለ ዓለም መከራ። ሦስቱን ግን በአንድ አንደበት አይናገራቸውም። ስለ ኳስ ሲያወራ ባለሙያ ነው፤ ማን በስንተኛው ደቂቃ እንዳገባ፣ የትኛው ተከላካይ ቦታውን እንደለቀቀ፣ አሠልጣኙ ተቀያሪውን ለምን እንዳዘገየ ማስረጃ እየጠቀሰ ይሞግታል። ስለ ፖለቲካ ሲያወራ ግራና ቀኙን ቃኝቶ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ስለ መሬት መንቀጥቀጥ፣ ስለ ጎርፍና ስለ ረኃብ፣ ለተጎዱትም ስለሚላከው እርዳታ ሲነሣ ደግሞ ከንፈሩን ይመጣል፤ «የሰጠ እጅ ይባረክ» ብሎም ጨዋታውን ይለውጣል። ለኳሱ ሒሳብ፣ ለፖለቲካው ሹክሹክታ፣ ለእርዳታው ምርቃት!

ይህ ጽሑፍ ምርቃቱን ለመንቀፍ አልተነሣም። መስጠት መልካም ነው፤ ሰጪን ማመስገንም የጨዋ ሰው ወግ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው። ዘጠና ደቂቃ ለሚፈጅ ጨዋታ የምንጠይቀውን ውጤት፣ የሰው ሕይወት ለተያዘበት ሥራ ስለ ምን አንጠይቅም? በጨዋታው መጨረሻ የግቡን ቁጥር ሳይሰማ ወደ ቤቱ የሚሄድ ደጋፊ የለም። የእርዳታን ጉዳይ ግን ገና ቃል በተገባበት ዕለት አጨብጭበን እንለያለን።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ሦስቱም ጉዳዮች ከተገናኙበት ከአንድ ስታዲየም እንጀምር። በሄይቲ ዋና ከተማ በፖርት ኦ ፕሪንስ የሚገኘው ብሔራዊ ስታዲየም በሲልቪዮ ካቶር ስም ይጠራል። ካቶር እ.ኤ.አ. በ1928 በአምስተርዳም ኦሊምፒክ በርዝመት ዝላይ የብር ሜዳልያ ያገኘ፣ በዚያው ዓመትም 7 ሜትር ከ93 ሳንቲ ሜትር ዘሎ የዓለምን ክብረ ወሰን የጨበጠ ስፖርተኛ ነው። ኋላም የከተማይቱ ከንቲባ ሆኗል። ስፖርትና ፖለቲካ በአንድ ሰው ስም የተገናኙበት ይህ ሜዳ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 ዓለም የማይረሳው አደጋ በደረሰ ጊዜ ሦስተኛ እንግዳ ተቀበለ፤ መጠለያ ያጣ ሕዝብ።

በዚያ ቀን መጠኑ 7.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ዋና ከተማይቱንና አካባቢዋን አፈራረሰ። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ የሄይቲ መንግሥት ከ300 ሺህ በላይ ሲል ሌሎች ግምቶች ከዚያ እጅግ ዝቅ ይላሉ። 1 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ። የአገሪቱ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሕንፃም ፈርሶ ከ30 የሚበልጡ የእግር ኳስ ሰዎች አለቁ። ትናንት ኳስ በሚንከባለልበት ሣር ላይ ድንኳን ተተከለ።

የስፖርቱ ዓለም አልዘገየም። አምስት ቀን ሳይሞላ ሮጀር ፌደረርና ራፋኤል ናዳልን የመሳሰሉ የሜዳ ቴኒስ ከዋክብት በሜልቦርን ለሄይቲ ገንዘብ ለማሰባሰብ ተጫወቱ። በዚያው ወር መጨረሻ ላይም የዚነዲን ዚዳን ወዳጆች ቡድንና የቤንፊካ ምርጦች በሊዝበን ተገናኝተው 3 ለ 3 ተለያዩ። ልብ ይበሉ፤ የዚያ ግጥሚያ ውጤት ይኸው ከዓመታት በኋላም ተመዝግቦ ይገኛል። ግጥሚያው የተደረገለት ገንዘብ የማንን ጣሪያ እንደከደነ ለማወቅ ግን የስፖርት ጋዜጣ አይበቃም።

መንግሥታትም ተሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2010 በኒውዮርክ በተደረገው ጉባኤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ብቻ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቃል ተገባ። ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው፤ ለብዙዎቻችንም ዜናው እዚያ ላይ አበቃ። ቃልና ገንዘብ ግን አንድ አይደሉም፤ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለለጋሾች ጉባኤ የተነገረ ይመስላል። በአስቸኳይ እርዳታ ስም ከወጣው ገንዘብ ውስጥ በሄይቲ መንግሥት እጅ የገባው 1 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ከሲሶ በላይ የሚሆነው የተመለሰው ወደ ለጋሾቹ ወደ ራሳቸው ወታደራዊና ሲቪል መሥሪያ ቤቶች ነው። «መንግሥቱ ሙሰኛ ስለሆነ ነው» ይባላል፤ እውነትም የሄይቲ መንግሥት ከሙስና የጸዳ አልነበረም። ይሁን እንጂ ያልታመነው መንግሥት አስተዳደሩን ሳያጠናክር ቀረ፤ የታመኑት ደግሞ ለሄይቲ ሕዝብ መልስ የመስጠት ግዴታ አልነበረባቸውም።

የአሜሪካ ቀይ መስቀል ማኅበር ለሄይቲ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ያህል ሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤንፒአርና ፕሮፐብሊካ የተባሉት የዜና ተቋማት ባወጡት ምርመራ መሠረት ማኅበሩ የሠራቸው ቋሚ ቤቶች ስድስት ብቻ ነበሩ። ማኅበሩ ዘገባውን ተቃውሞ፣ ከ130 ሺህ ለሚበልጡ ሰዎች መኖሪያ አግኝቻለሁ ይላል፤ ምርመራው እንደሚለው ግን ቁጥሩ የቤት ጥገና ሥልጠና የተሰጣቸውንና ለኪራይ የተደጎሙትን ጭምር ያጠቃልላል። በኳስ ቋንቋ ስንናገር፣ ወደ ግቡ የተመታውን ሁሉ እንደ ገባ መቁጠር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ግብ ቆጣሪ በየትኛውም ሜዳ ቢታይ ተመልካቹ ወንበር ይነቅል ነበር።

የእግር ኳሱ አለቆችም ከዚህ ሐሜት አልዳኑም። በወቅቱ የፊፋ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት የትሪኒዳዱ ፖለቲከኛ ጃክ ዋርነር ከፊፋና ከደቡብ ኮሪያ ለሄይቲ የተላከ 750 ሺህ ዶላር አባክነዋል የሚል ውንጀላ ቀረበባቸው። እርሳቸው ይክዳሉ። ፊፋ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ስለዚሁ የእርዳታ ገንዘብ ማብራሪያ እስኪሰጠው ድረስ ለአገራቸው ፌዴሬሽን የሚከፍለውን ገንዘብ አገደ። በ2015ም በሌሎች ጥፋቶች ምክንያት ሰውዬውን ከእግር ኳስ ሥራ ዕድሜ ልካቸውን አስወገደ።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን የኮሌራው ታሪክ ነው። ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ኮሌራ ባልታየባት አገር እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2010 ወረርሽኙ ፈነዳ። ምንጩ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ከሰፈሩበት ካምፕ ወደ ወንዝ የፈሰሰ እዳሪ መሆኑን ሳይንቲስቶች አረጋገጡ። ከ800 ሺህ በላይ ሰው ታመመ፤ 10 ሺህ ያህል ሞተ። ድርጅቱ ለዓመታት ኃላፊነቱን ሳይቀበል ቆይቶ፣ ዋና ጸሐፊው ባን ኪ ሙን በዲሴምበር 2016 በቂ ሥራ አልሠራንም ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ለተጎጂዎች ይሰበሰባል ከተባለው 400 ሚሊዮን ዶላር የተገኘው ግን እጅግ ጥቂቱ ነው። ካሳ ፍለጋ የኒውዮርክን ፍርድ ቤት ደጅ የጠኑ የሄይቲ ቤተሰቦችም ድርጅቱ ያለመከሰስ መብት አለው ተብለው ተመለሱ። ዳኛው የማይከሰስበት፣ የተጎዳው የማይሰማበት ጨዋታ ማለት ይህ ነው።

ለመሆኑ ልዩነቱ ከየት መጣ? በኳሱ ሜዳ ትኬት የገዛውና ውጤቱን በዓይኑ የሚያየው አንድ ሰው ነው። ቡድኑ ሲሸነፍ ይጮኻል፤ አሠልጣኙ በጩኸቱ ይባረራል። በእርዳታው ሜዳ ግን ገንዘቡን የሰጠው ሰው ሜዳው ላይ የሆነውን አያይም፤ የሚያየው ደግሞ ገንዘቡ የእርሱ ስላልሆነ የመጮኽ መብት የለውም። መጮኽ የሚችለው አያይም፤ የሚያየው መጮኽ አይችልም። የእርዳታ ሁሉ ደዌ በዚህ ክፍተት ውስጥ ይኖራል። ይህን ክፍተት የሚሞላው ደግሞ ርኅራኄ ሳይሆን ፖለቲካ ነው፤ ማለትም ነጻ ጋዜጣ፣ የሚጠየቅ ሹም፣ የሚሰማ ፍርድ ቤት። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን፣ ነጻ ፕሬስና እውነተኛ ምርጫ ባለበት አገር ከባድ ረኃብ ደርሶ አያውቅም ሲሉ የተከራከሩት ይህንኑ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ1976 ዓ.ም. ክረምት ደርግ የሶቪየት ኅብረትን አድማ ተከትሎ አትሌቶቻችንን ከሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ አስቀራቸው። በዚያው ጊዜ ወሎና ትግራይ በረኃብ ይረግፉ ነበር። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ እጅግ በደመቀ ሥነ ሥርዓት ሲከበር፣ የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን አስቀድሞ ያሰማው ጥሪ በቂ ሰሚ አላገኘም። የምዕራብ መንግሥታት ለሶሻሊስት አገር እጃቸውን ሰበሰቡ፤ የራሳችን መንግሥትም በዓሉ በረኃብ ወሬ እንዲደበዝዝ አልፈለገም። የአትሌቱ እግር ለፖለቲካ ታሰረ፤ የገበሬውም ጩኸት ለፖለቲካ ታፈነ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል ቡርክና መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ምስል በቢቢሲ ሲታይ ነው ዓለም የባነነው።

ከዚያ በኋላማ ሙዚቃው መጣ፤ ስፖርቱም ተከተለ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. የላይቭ ኤድ ዝግጅት በለንደንና በፊላደልፊያ፣ በሁለት የስፖርት ስታዲየሞች ተካሄደ። ግንቦት 17 ቀን 1978 ዓ.ም. ደግሞ ሱዳናዊው ሯጭ ዑመር ኸሊፋ ከአገሩ መጠለያ ያነሣውን ችቦ ኒውዮርክ አድርሶ፣ በብዙ አገሮች ሚሊዮኖች ለአፍሪካ ሮጡ። በዚያ ገንዘብ የብዙ ወገናችን ሕይወት ተርፏል፤ ይህን የሚክድ ውለታ ቢስ ነው። ነገር ግን ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 ቢቢሲ ለትግራይ ከተላከው እርዳታ ከፊሉ ለጦር መሣሪያ ውሏል የሚል ዘገባ አሠራጨ፤ ባንድ ኤድ ሲቃወም ደግሞ በእርሱ ገንዘብ ላይ ማስረጃ የለኝም ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። እዚህ ላይ የሚያሳዝነው ማን ረታ የሚለው አይደለም። በ25 ዓመት ውስጥ ክርክሩን የሚዘጋ መዝገብ ለእኛ፣ ለባለ መከራዎቹ፣ ሳይቀርብልን መቅረቱ ነው።

ሄይቲና ኢትዮጵያ በሌላም ክር የተሳሰሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1935 ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር በተነሣችበት ጊዜ በጄኔቫ የሄይቲው ልዑክ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር፣ ኢትዮጵያን ያገኛት ዕጣ ነገ ማንኛውንም አገር ሊያገኝ እንደሚችል ለመንግሥታቱ ማኅበር አስጠንቅቀው ነበር። ያን ጊዜ ሄይቲ ያቀረበችልን ስንዴ ወይም ብርድ ልብስ አልነበረም፤ ጥያቄ ነበር። በታላላቆቹ ፊት ቆማ «ሕጉ የት ሄደ?» አለችልን። እኛም ለእርስዋ የምንከፍለው ብድር ቢኖር ይኸው ጥያቄ ነው።

«መጠየቅ ሰጪን ያስቀይማል፤ ለጋሾች እጃቸውን ይሰበስባሉ» የሚሉ ወገኖች አሉ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ በጥርጣሬ ሰበብ ኪሱን የሚቆልፍ ሰው ሞልቷል። ሆኖም ስለ ውጤት የሚጠይቅ ደጋፊ እግር ኳስን አልገደለም፤ ይልቁንም ያቆየው እርሱ ነው። እርዳታን የሚገድለው ጥያቄ ሳይሆን ከዓመታት በኋላ የሚወጣ ያልታሰበ ገመና ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው አደጋ፣ መቼም አይቀርምና፣ ገንዘባችንን ስንሰጥ ሦስት ጥያቄዎች አብረን እንስጥ። ገንዘቡ የደረሰው በማን እጅ ነው? ምን ይሠራበት ያለው ማን ነው? የተጎዳው ሰው ቅር ሲለው አቤት የሚለው ለማን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ መልስ ካጣ የሁለቱ መልስ ወረቀት ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 የዓለም ዋንጫ ሄይቲያዊው ኢማኑኤል ሳኖን ከ1,100 ደቂቃ በላይ ግብ ሳይገባበት በቆየው በኢጣልያው በረኛ በዲኖ ዞፍ ላይ ግብ አስቆጠረ፤ የኳስ ሰው ይህን እስከ ደቂቃው ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 2025 ደግሞ ሄይቲ ኒካራጓን 2 ለ 0 አሸንፋ ከ51 ዓመት በኋላ ለ2026 የዓለም ዋንጫ አለፈች። ጨዋታው የተደረገው ግን በኩራሳኦ እንጂ በሲልቪዮ ካቶር ሜዳ አልነበረም፤ ዋና ከተማይቱን የታጠቁ ወሮበሎች ስለያዝዋት ቡድኑ በአገሩ መጫወት አልቻለም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ባወጣው የጉዞ እገዳም ለተጫዋቾች በር ሲከፈት ለተራው የሄይቲ ደጋፊ ተዘጋ። ያ ሁሉ ቢሊዮን ቃል ከተገባ ከ15 ዓመት በኋላ አሸናፊው ቡድን በአገሩ ሜዳ፣ ሕዝቡም በስታዲየሙ ወንበር ላይ አልነበሩም።

2 ለ 0 የሚለውን ውጤት ሁላችንም ሰምተናል። የሌላውን ጨዋታ ውጤት የሚነግረን እስኪገኝ ድረስ ግን ምርቃቱን ሳንተው፣ ሒሳቡንም እንጠይቅ።

ቸር ይግጠመን።