ለሐይቆቹ አራት ቀን

ከኩየራ አዳማ በሚኒባስ ስመላለስ ዓመታት አልፈዋል። በመንገዱ ላይ ያሉትን ሐይቆች አውቃቸዋለሁ ለማለት ግን አልደፍርም። ላንጋኖ በመስኮቱ ብልጭ ይላል፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ፀሐይ በዛብኝ ብሎ መጋረጃውን ይስባል፣ ቀና ስል ቡልቡላ ደርሰናል።

ዘንድሮ ጥቅምት ሲያልቅ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ከኩየራ ባቱ በብስክሌት ልንወርድ ነው። መቶ ኪሎ ሜትር ለማይሞላ መንገድ አራት ቀን ይዘንለታል። በዛ ያሉን አሉ። እኔ ግን አምና ከኩየራ ሐዋሳ በአንድ ጠዋት ነድቼ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ ምን አየህ ስባል ከአስፋልቱ በቀር የምናገረው አጥቻለሁ። ያ ቀን እስካሁን ይቆጨኛል።

መንገዱ ይረዳናል። ኩየራና አርሲ ነጌሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ላንጋኖ 1600 አይሞላም። ስለዚህ ከጉልበት ይልቅ ለፍሬንና ለጎማ ነው የተጨነቅነው። ባለፈው ቅዳሜ ብስክሌቴን ለሰፈራችን ጎሚስታ አሳየሁት። ከመነዳሪውን ነፍቶ ሳፋ ውኃ ውስጥ ቀስ እያለ አዞረው። አንድ ቦታ ላይ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ የደቀቁ አረፋዎች ተከታትለው ወጡ። ጣቱን እዚያው ላይ እንደያዘ፣ «ጋሼ፣ ትርፍ ሁለት ይያዙ፤ ታች ያለው ሁሉ የግራር እሾህ ነው» አለኝ። ሁለት ገዛሁ።

ከአራቱ ቀናት ሁለቱ ለአቢጃታና ለሻላ ናቸው። የዝዋይ ሐይቅ ውኃ በቡልቡላ ወንዝ፣ የላንጋኖ ደግሞ በሆራ ቀሎ በኩል ወደ አቢጃታ ይወርዳል። ከሺዎች ዓመታት በፊት አራቱም አንድ ሰፊ ሐይቅ ነበሩ። ዛሬ ላይኛው ለመስኖ ሲቀዳ ታችኛው ይጎድላል፤ ከአቢጃታ ለሶዳ አሽ ሲወሰድ የቆየውም አለ። ዳሩ ሸሽቶ ነጭ ጨዋማ ሜዳ ትቷል።

ይህን ጉድለት ከማንም በላይ የሚያውቁት ፔሊካኖች ይመስሉኛል። አውሬ ስለማይደርስባቸው ሻላ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ ይፈለፍሉ ነበር። ሻላ ጥልቀቱ ከ260 ሜትር በላይ ቢሆንም ለእነሱ የሚበቃ ዓሣ የለውም፤ ምግባቸውን የሚያመጡት ከጎረቤቱ ከአቢጃታ ነበር። አቢጃታ ጨው ሲበዛበት ዓሣው አለቀ፤ ለጫጩት ጉርሻ እስከ ዝዋይ መብረር ግድ ሆነባቸው። እኛ በፔዳል ቀን የምንፈጅበትን መንገድ ማለት ነው።

በአራተኛው ቀን ብስክሌቶቹን በዝዋይ ዳር ባለችው ባቱ አስቀምጠን በጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ እንሻገራለን። ከዝዋይ አምስት ደሴቶች ትልቁ ነው። የዛይ ሕዝብ ቋንቋውን ይዞ የቆየው በእነዚህ ደሴቶች ነው፤ በትውፊት እንደሚነገረው፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽቶ የተቀመጠው ቱሉ ጉዶ ላይ ነው። ስንመለስ ዳር ላይ ቆሮሶ ጥብስ እንበላለን።

ከመሸ አንነዳም፤ በየደረስንበትም ስለቀጣዩ መንገድ የአገሬውን ሰው እንጠይቃለን። ከዚህ ሌላ የወሰንነው ሁለተኛው ቀን ላይ ምንም ላለማቀድ ነው። ከሻላ በላይ ካለው ኮረብታ አንዱ ግራር ሥር ጋቢያችንን አንጥፈን፣ ፔሊካኖቹ በየት በኩል እንደሚመለሱ እስኪመሽ እንጠብቃለን።