ኳርተርባኩ ይቀየር? መጀመሪያ የተበላሸው ይታወቅ

በአሜሪካ ፉትቦል አንድ ቡድን ሁለት ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከተሸነፈ ሰኞ ጠዋት የሚነሳው ጥያቄ ያው ነው፤ ኳርተርባኩ ይቀየር ወይስ ይቆይ? ጥያቄው ያለ ምክንያት አይነሳም። ቡድኑ ሲያጠቃ ኳሱ በእያንዳንዱ ሙከራ መጀመሪያ የሚገባው እሱ እጅ ነው። ለማን እንደሚወረውር የሚወስነውም እሱ ነው፤ ለውሳኔው ያለው ጊዜ ደግሞ ከሦስት ሰከንድ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ቡድኑ ሲያሸንፍ ከሚገባው በላይ ይሞገሳል፣ ሲሸነፍም ከሚገባው በላይ ይወቀሳል። እኔ ኳርተርባክ አይነካ ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ መቀየሩ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ ሞልቷል። የምቃወመው ኳርተርባኩን፣ አሰልጣኙንና አጨዋወቱን በአንድ ላይ ማገለባበጥን ነው። ሁሉን በአንዴ የሚቀይር ክለብ የተበላሸው የትኛው እንደነበር ሳያውቅ ገንዘቡንም ዓመታቱንም ይጨርሳል። ለዚህ ከካሮላይና ፓንተርስ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አላውቅም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቢሊየነሩ ዴቪድ ቴፐር ክለቡን የገዛው በ2018 ነው። በ2019 የውድድር ዘመን መገባደጃ ላይ ከ2011 ጀምሮ ቡድኑን የመራው ሮን ሪቬራ ተሰናበተ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም የ2015 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ካም ኒውተን ተሸኘ። ማት ሩል ከኮሌጅ መጥቶ አሰልጣኝ ሆነ፣ ቴዲ ብሪጅዋተርም ኳርተርባክ። ብሪጅዋተር አንድ ዓመት ተጫውቶ በ2021 ቦታውን ለሳም ዳርኖልድ ለቀቀ። ዳርኖልድ ሲጎዳ ያው የተሸኘው ኒውተን ተመልሶ መጣ። በ2022 ቤከር ሜይፊልድ ተጨመረ፤ የውድድሩ ዘመን ሳይጋመስ ሩል ተባረረ፣ ሳያልቅ ደግሞ ሜይፊልድ ተለቀቀ። ሜይፊልድና ዳርኖልድ በ2018ቱ ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ አንደኛና ሦስተኛ የተመረጡ ናቸው። ሁለቱም አንድ መልበሻ ክፍል ውስጥ እያሉ ክለቡ ከአንዳቸውም የሚፈልገውን ማግኘት አልቻለም። ከሄዱ በኋላ የሆነውን ግን ተመልከቱ። ሜይፊልድ በ2023 ለታምፓ ቤይ ተሰልፎ 4,044 ያርድና 28 ተችዳውን ወረወረ፣ ካሮላይና የምትወዳደርበትን ምድብ አሸነፈ፣ በጥሎ ማለፉም ቡድኑ ፊላዴልፊያን 32 ለ 9 ረታ። ዳርኖልድ በ2024 ከሚኒሶታ ጋር ከ17 ጨዋታ 14ቱን አሸነፈ፤ በቀጣዩ የውድድር ዘመን ደግሞ ከሲያትል ጋር የሱፐር ቦውልን ዋንጫ በላ። እነዚህ ሰዎች አዲስ ክንድ አላበቀሉም። የተቀየረው የሚጫወቱበት ቤት ነው።

ካሮላይና ግን ትምህርቱን ሳትወስድ ትልቁን ዋጋ ከፈለች። በ2023 የድራፍቱን አንደኛ ምርጫ ከቺካጎ ለመውሰድ የዚያን ዓመት ዘጠነኛና 61ኛ ምርጫዎችን፣ የ2024ን የመጀመሪያ ዙር፣ የ2025ን ሁለተኛ ዙር፣ በዚህም ላይ ምርጥ ኳስ ተቀባይዋን ዲጄ ሙርን ሰጠች። ተቀባዩን ሸጣ ወርዋሪውን ገዛች ማለት ነው። የመጣው ብራይስ ያንግ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ ለኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይስማንን ሽልማት ያሸነፈ፣ ቁመቱ ግን 1.78 ሜትር ገደማ የሆነ ወጣት ነበር። በመጀመሪያ ዓመቱ ኳሱን ሳይለቅ 62 ጊዜ መሬት ላይ ተጣለ፤ በየጨዋታው በአማካይ አራት ጊዜ ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ሜዳ ላይ ምን እንደሚመስል እናስበው። ኳሱ እንደደረሰው ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ከፊቱ የሚከልሉት የራሱ ሰዎች በቁመት ስለሚበልጡት ተቀባዩን የሚያየው በትከሻና በትከሻ መካከል በሚያገኛት ክፍተት ነው። ከከላዮቹ አንዱ ከተሸነፈ ከመቶ ኪሎ በላይ የሆነ ሰው ከጎኑ ወይም ከጀርባው ይደርስበታል። ይህ ሲደጋገም እግሩ ገና ማንም ሳይነካው መሸሽ ይለምዳል፤ ዓይኑም ተቀባዮቹን ትቶ የሚመጣበትን ሰው ይከተላል። ቡድኑ ከ17 ጨዋታ ሁለት ብቻ አሸነፈ፣ አሰልጣኙ ፍራንክ ራይክ 11 ጨዋታ መርቶ ተባረረ። በዚያው ድራፍት ሁለተኛ የተመረጠው ሲጄ ስትራውድ በሂውስተን 4,108 ያርድ ወርውሮ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ አጥቂ ተባለ። ይባስ ብሎ ካሮላይና የሊጉ መጨረሻ ስለወጣች ለቺካጎ የሰጠችው የ2024 ምርጫ አንደኛ ሆኖ ኬሌብ ዊሊያምስን አስገኘላቸው።

በ2024 አሰልጣኝ የሆነው ዴቭ ካናሌስ ነው፤ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በታምፓ ቤይ የማጥቃቱ ኃላፊ ሆኖ ሜይፊልድን ያቀናው ሰው። ክለቡ የጣለውን ኳርተርባክ ያነሳውን አሰልጣኝ መቅጠሩ ራሱ ብዙ ይናገራል። ያንግን የሚከልሉ ሁለት ሰዎችም ተገዙ፤ ሮበርት ሀንት በአምስት ዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር፣ ዴሚየን ሉዊስ በአራት ዓመት 53 ሚሊዮን ዶላር። ይህ ሁሉ ተደርጎም ቡድኑ በኒው ኦርሊንስ 47 ለ 10፣ በቻርጀርስ 26 ለ 3 ተሸነፈ። ካናሌስ ያንግን አስቀምጦ የ36 ዓመቱን አንዲ ዳልተንን አሰለፈ፤ በዚያው ሳምንት ቡድኑ ላስ ቬጋስን 36 ለ 22 አሸነፈ፣ ዳልተንም 319 ያርድና ሦስት ተችዳውን ወረወረ። አሰልጣኙ፣ ከላዮቹና ተቀባዮቹ እነዚያው ሆነው አንድ ሰው ብቻ ሲቀየር ውጤቱ ተገለበጠ። በእኔው ሚዛን እንኳ ቢለካ የዚያን ሰሞን ጥፋቱ የያንግ ነው ማለት ይቻል ነበር። ግን አንድ ሳምንት ማስረጃ አይሆንም። ዳልተን ቀጣዮቹን አራት ጨዋታዎች ተከታትሎ ተሸነፈ፤ የመጨረሻው ዋሽንግተን ላይ 40 ለ 7 ነበር። በዚያው ሰሞን ዳልተን በመኪና አደጋ አውራ ጣቱን ሲጎዳ ያንግ ተመለሰ። የተመለሰው ሌላ ሰው ይመስል ነበር፤ ኒው ኦርሊንስን 23 ለ 22፣ ኒው ዮርክ ጃይንትስን ሙኒክ ላይ በተጨማሪ ሰዓት 20 ለ 17 አሸነፈ፣ ካንሳስ ሲቲን እስከ መጨረሻው ተፋልሞ 30 ለ 27 ተረታ፣ ዓመቱንም አትላንታን 44 ለ 38 በማሸነፍ ዘጋ። በ2025 በአንድ ጨዋታ 448 ያርድ በመወርወር የክለቡን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ቡድኑም ምድቡን አሸንፎ ጥሎ ማለፍ ገባ። ያንግን ማስቀመጡ ትክክል ነበር። ትክክል ያደረገው ግን አሰልጣኙ ባለበት መቆየቱ ነው፤ ተቀምጦ ያየውን ሲመለስ እዚያው አጨዋወት ውስጥ ተጠቀመበት።

በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖረው ወገናችን ተቃራኒው ታሪክ እዚያው ሰፈሩ የተፈጸመ ነው። ዋሽንግተን በ2012 ሮበርት ግሪፊንን ለማግኘት ሦስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችንና አንድ ሁለተኛ ዙር ሰጠ። ግሪፊን በመጀመሪያ ዓመቱ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ሆነ፣ ቡድኑም ምድቡን አሸነፈ፤ በጥሎ ማለፉ ከሲያትል ጋር ሲጫወት ግን ጉልበቱ ተጎዳ። በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ ሦስት ጨዋታ ብቻ አሸነፈና አሰልጣኙ ማይክ ሻናሃን ተሰናበተ። የመጣው ጄይ ግሩደን ሌላ ዓይነት ኳርተርባክ ፈለገ፤ በ2015 ቦታውን የወሰደው በዚያው በ2012 በአራተኛ ዙር የተመረጠው ከርክ ከዝንስ ነው። ችግሩ ጉልበቱ ነበር? አሰልጣኙ? ልጁ ራሱ? ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለተናጋ ክለቡ ይህንን ለይቶ ማወቂያ አልነበረውም።

እዚህ ላይ የሚመጣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ቶም ብሬዲ ነው። ኒው ኢንግላንድ በ2001 ከድሩ ብሌድሶ ጋር የ10 ዓመት፣ 103 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሞ ነበር። ብሌድሶ ሲጎዳ በ2000 ድራፍት 199ኛ የተመረጠው ብሬዲ ገባ፤ ብሌድሶ ድኖ ሲመለስም ቢል ቤሊቺክ ወጣቱን አላወጣውም፣ በዚያው ዓመትም ሱፐር ቦውልን አሸነፉ። ታዲያ ታሪኩ መቀየርን አይደግፍም ወይ? ይደግፋል፤ ግን እንዴት እንደተቀየረ ይታይ። አሰልጣኙ፣ አጨዋወቱና ተከላካዮቹ ባሉበት ቆሙ፤ የተነካው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤሊቺክ ልዩነቱ ከማን እንደመጣ በዓይኑ አየ፣ ባየውም ላይ ወሰነ። ብሬዲን የሚጠቅሱ ክለቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርጉት ግን የካሮላይናን እንጂ የኒው ኢንግላንድን አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። ታግሰው ያተረፉትን ብቻ እየቆጠርክ ነው፣ ታግሰው የከሰሩትስ? የሚል ነው። እውነት ነው፤ ቡፋሎ ጆሽ አለንን ታግሶ ተክሷል፤ በ2018 ወደ ዒላማው የደረሰው ከውርወራዎቹ 52.8 በመቶው ብቻ ነበር፣ በ2020 ስቴፎን ዲግስ መጥቶ ሲቀበልለት 69.2 በመቶ ደረሰ። ኒው ዮርክ ጄትስ ግን በ2021 ሁለተኛ የመረጠውን ዛክ ዊልሰንን በአንድ ዋና አሰልጣኝ ሥር ሦስት ዓመት አይቶ ምንም ስላላገኘበት በ2024 ወደ ዴንቨር ላከው። ይህ ግን ክርክሬን አያፈርሰውም። ትዕግሥት ኮከብ ይፈጥራል አላልኩም፤ ትዕግሥት መልስ ይሰጣል ነው ያልኩት። ጄትስ ያገኘው መልስ መራራ ቢሆንም መልስ ነው፤ ዊልሰንን ሲያሰናብት የሚጠራጠር ብዙ ሰው አልነበረም። ካሮላይና ሜይፊልድን ስትለቅ ግን ምን እንደለቀቀች አታውቅም ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከመልበሻ ክፍሉ የሚመጣ ነው። የፉትቦል ተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው፤ የሌሎቹ ተጫዋቾች ዓመታት አንድ ልጅ እስኪማር ለምን ይቃጠሉ? ይህ ፍትሐዊ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ወንበር ነው። ማስቀመጥና ማባረር የተለያዩ ናቸው። ካንሳስ ሲቲ በ2017 ፓትሪክ ማሆምስን በአሌክስ ስሚዝ ጀርባ አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው አስቀምጦ አስተማረ፤ በዚያ ጊዜ የቡድኑ ውጤት አልተጎዳም፣ ልጁም አልተሰበረም። ልምድ ያለው ተጠባባቂ መያዝ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። አሰልጣኙ ለሌሎቹ ተጫዋቾች ሲል ወጣቱን ያሳርፋል፤ ክለቡ ደግሞ ለነገ ሲል አያባርረውም።

ትዕግሥት ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑን የሚያበጀው ገንዘብ ነው። ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ ስላለው ለአንዱ የተከፈለ ለሌላው አይተርፍም። የያንግ የአራት ዓመት ውል በድምሩ 38 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ጃይንትስ በ2023 ለዳንኤል ጆንስ የፈረመለት በአራት ዓመት 160 ሚሊዮን ነበር፤ የጆንስ አንድ ዓመት የያንግን አራት ዓመት ይበልጣል ማለት ነው። ጆንስ ያን ውል ያገኘው በአንድ ጥሩ የውድድር ዘመንና በአንድ የጥሎ ማለፍ ድል ነው። ክለቡ በ2024 የኳስ ተሸካሚውን ሳኩዋን ባርክሊን ለቀቀ፤ ባርክሊ ፊላዴልፊያ ገብቶ 2,005 ያርድ ሮጦ ሱፐር ቦውልን አሸነፈ። በዚያው ዓመት ጆንስም ከሰልፍ ወጥቶ ተሰናበተ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ጃይንትስ የያዘው የፈረመውን ወረቀት ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት መታገስ ርካሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ያልተረጋገጠን ሰው በኮከብ ዋጋ መያዝ ቡድኑን በሙሉ ያስርበታል። የሊጉ ደንብ ራሱ ቀጠሮውን ቆርጦታል፤ በመጀመሪያ ዙር ለተመረጠ ተጫዋች ክለቡ ከሦስተኛው የውድድር ዘመን በኋላ አምስተኛ ዓመት ይጨምር እንደሆነ መወሰን አለበት።

ወደ ያንግ ስንመለስ፣ የእኔ ፍርድ ይቆይ ነው፤ የኮከብ ውል ግን ገና ነው። የ2025ቱ የምድብ ድል ሦስት ቡድኖች በእኩል ስምንት ድልና ዘጠኝ ሽንፈት ጨርሰው በመለያ ደንብ የተገኘ ነው፤ በጥሎ ማለፉም ራምስ 34 ለ 31 አሸንፎ አስወጣቸው። ይህ የሚያድግ ተጫዋች ውጤት ነው፣ የደረሰ ተጫዋች ግን አይደለም። አምስተኛውን ዓመት መጨመር ለክለቡ አንድ ተጨማሪ የመመዘኛ ዓመት ይገዛለታል። ያ ዓመት ዋጋ የሚኖረው ካናሌስ በቦታው ከቆየ፣ አጨዋወቱም ካልተነካ ብቻ ነው። በዚያ ሁኔታ ያንግ ካልተሻሻለ ይቀየር፤ ያኔ ማንም ተበደለ ማለት አይችልም። ባለቤቱ ግን በሚቀጥለው የሽንፈት ሰሞን እንደገና ሁለቱንም ካባረረ፣ ቀጥሎ የሚመረጠው ልጅ ማንም ይሁን ማን የቀደሙትን ዕጣ ነው የሚወስደው።