ባትሪው ምን አጠፋ?

ዝናብ ጠብ ሲል ስልኬ ይበዛል። ከነገሌ ዙሪያ፣ ከሻኪሶ፣ ከፊልቱ በኩል፣ አብዛኛው ደዋይ የድሮ ተማሪዬ ነው። «ቲቸር፣ ትራክተሩ አልነሳ አለ፤ ባትሪ እናስገዛ?» እኔም «ለካችሁ ወይ?» እላለሁ። ከዚያ ዝምታ።

የዛሬው ሐሳቤ ይሄው ነው፦ አሮጌ ትራክተሮቻችንን ከሥራ እያስወጣ ያለው እርጅና ብቻ አይደለም። ሳይለኩ ዕቃ መቀየር ነው። ለዚህ ደግሞ መካኒኩ ብቻ ሳይሆን ባለንብረቱም እጁ አለበት።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉብን። ከብቱ ሲያልቅ የእርሻ በሬውም አብሮ ሄደ። ዛሬ በሬ የሌለው ሰው ዓይኑ ኪራይ ትራክተር ላይ ነው። የኛ ጋናና ሃጋያ ደግሞ እንደ ደጋው ክረምት ወራት አይታገሡም። ትራክተሩ አንድ ሳምንት ከቆመ ኪሳራው የባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ እርጥበቱ ያልፈዋል።

እስቲ ወደ ብረቱ እንምጣ። እኛ ሁሉንም «ዲናሞ» እንላለን እንጂ ሁለት ዓይነት ነው። እንደ ማሲ ፈርጉሰን 35 እና ቀደም ያሉት 135 ያሉ የእንግሊዝ ትራክተሮች የሚመጡት ዲሲ በሚያመነጨው በአሮጌው ዲናሞ ነው። ዲ እና ኤፍ የሚባሉ ሁለት ጫፎች አሉት፤ ሬጉሌተሩ ከውጭ ለብቻው ሳጥን ውስጥ ነው። ቤላሩስ 80 ግን አልተርኔተር ነው፤ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ደግሞ ጭራሽ ካርቦን የለውም። ስለዚህ በኦሪጅናል ቤላሩስ ላይ «ካርቦኑ አልቋል» የሚላችሁ ካለ «ፍታና አሳየኝ» በሉት።

መጀመሪያ ያለ መሣሪያ የሚታየውን እዩ። ቺንጋው ላልቷል? የባትሪው ጫፍ ነጭ ዱቄት ይዟል? ከባትሪ ወደ ቦዲ የሚሄደው ገመድ የታሰረው ቀለምና ዝገት ላይ ነው? በኛ አቧራ ግማሹ ችግር እዚሁ ያልቃል።

ቀጥሎ ቴስተር። ሞተር ጠፍቶ፣ ያረፈ ጤነኛ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 አካባቢ ያሳያል። አስነሱትና ነዳጅ ጨምሩ፤ ወደ 14 ከወጣ ቻርጁ ይሠራል፤ ዲናሞውን አትንኩት። ጥርጣሬያችሁ ባትሪው፣ ሞተሪኖው ወይም ገመዱ ላይ ይሁን። ሞተሪኖው እየዞረ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ቦዲ በታሰረበት የባትሪ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን ንጹሕ የሞተር ብረት ላይ አድርጉ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ የቦዲው ገመድ ነው የሚበላችሁ። ስንት ባትሪ በዚህ ገመድ ኃጢአት ተጥሏል!

ቮልቱ ካልወጣና ዲናሞው ባለ ዲ እና ኤፍ ከሆነ፣ ሁለቱን ሽቦ ከዲናሞው ንቀሉና የዲናሞውን ሁለት ጫፎች በአጭር ሽቦ አገናኟቸው። ቴስተሩን በነሱና በዲናሞው ቦዲ መካከል አድርጋችሁ ሞተሩን ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ። ቮልቱ ቶሎ ሽቅብ ከሄደ ዲናሞው ደህና ነው፤ 20 ሳያልፍ ነዳጁን ቀንሱ። ችግሩ ሽቦው ወይም ሬጉሌተሩ ጋ ነው። አንድ ቮልት አካባቢ ከቀረ የፊልድ ጥቅልሉን፣ አራት አምስት ላይ ከቆመ አርማቹሩን፣ ምንም ካላሳየ ካርቦኑን ጠርጥሩ።

ለረጅም ጊዜ የቆመ ትራክተር ዲናሞው ውስጥ የሚቀረውን ማግኔት ሊያጣ ይችላል። ያኔ የኤፍን ሽቦ ነቅሎ፣ ቦዲ ካልታሰረበት የባትሪ ጫፍ በሽቦ ወስዶ የዲናሞውን ኤፍ ለቅጽበት መንካት ነው። ብልጭ፣ በቃ። አልተርኔተር ላይ ግን እንዳትሞክሯት!

«ማታ ሙሉ ነበር፣ ጠዋት ባዶ» የሚባለውስ? ሬጉሌተሩ ሳጥን ውስጥ ካትአውት የምትባል መዝጊያ አለች፤ ሞተር ሲጠፋ ባትሪውን ከዲናሞው ትለያለች። እሷ ከተጣበቀች ባትሪው ሌሊቱን ወደ ዲናሞው ይፈስሳል። ሞተር ጠፍቶ የዲን ሽቦ ነቅላችሁ መልሳችሁ ስትነኩ ብልጭታ ካለ ጠርጥሯት። እንዲህ ዓይነቱ ትራክተር ላይ አዲስ ባትሪ መግጠም በቀዳዳ ጀሪካን ውሃ መቅዳት ነው።

«ቲቸር፣ አሮጌውን ጥሎ አልተርኔተር መግጠም አይሻልም?» የሚሉኝ አሉ። እውነት አላቸው፤ አልተርኔተር በዝቅተኛ ዙርም ይሞላል፣ ማታ በመብራት ለሚያርስ ይጠቅማል። እኔም አልቃወምም። ግን ከለካችሁ በኋላ ይሁን። የተበላሸ ገመድ አዲሱንም አያስሞላም። ከድሮዎቹ የእንግሊዝ ትራክተሮች ደግሞ ፖዘቲቩ ቦዲ ላይ የታሰረ አለ፤ ሳያዩ አልተርኔተር የገጠሙበት እንደሆነ ዳዮዱ ወዲያው ይቃጠላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መካኒክ ለምን አይለካም? ሁሉም ስለማይችል አይደለም፤ ያስተማርኳቸው ልጆች ይችላሉ። ግን ግማሽ ሰዓት ለክቶ «ገመዱ ነው፣ አጽድቼዋለሁ» ያለ ልጅ ምን ይባላል? «ምን ሠራህና ነው የምትጠይቀኝ!» ዕቃ የቀየረው ግን ያለ ክርክር ይከፈለዋል። ብረት ስንገዛ ገንዘብ እናወጣለን፤ ለዕውቀት ሲሆን እጃችን ይታሰራል። ታዲያ ልጁ በቀጣዩ ጊዜ ምን ያድርግ? የተከፈለበትን ነዋ!

ነገሌ የትንሽ ብልሽትን ዋጋ ታውቃለች። በ1966 ዓ.ም. ጥር ላይ እዚህ የነበሩት ወታደሮች ካመፁባቸው ምክንያቶች አንዱ የተበላሸ የውሃ ፓምፕ ነበር። የነሱ ፓምፕ ቆሞ ሳለ ከመኮንኖቹ ውሃ ተከለከሉ። አብዮቱን ፓምፕ ብቻውን አላመጣውም፤ ሰበቡ ብዙ ነው። ግን ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚበላሽ ማሽን የማሽን ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ስለዚህ ባለትራክተሮች፣ ለመለካት ክፈሉ። ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ «ገመድ ብቻ ነው» ቢላችሁም ክፈሉት፤ ከባትሪ ግዢ አድኗችኋል። ማኅበራት፣ ሁለተኛ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቴስተር ግዙ፤ ዋጋው የባትሪውን ያህል አይሆንም። እናንተ ልጆቼ ደግሞ ቁጥሩን ለባለቤቱ ሳታሳዩ «ቀይር» አትበሉ። ያሳያችሁት ቁጥር ነው ነገ የሚያስጠራችሁ።

ትራክተር ያለው ወዳጅ ካላችሁ ላኩለት። ሃጋያ ሳይደርስ ያንብበው።